ናይሮቢን ማን አቀናት?

«ቅኝ ብንገዛ ኖሮ ይሄኔ የት በደረስን!» የሚለው ቁጭት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥር ሰዷል። ቁጭቱ ለምስክርነት አዘውትሮ የሚጠራት ከተማ ናይሮቢ ናት። በመሃል ከተማዋ የቆሙት ፎቆች፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚፈስለት የቢሮ ሠራተኛ፣ ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ሁሉም እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ውርስ ተደርገው ይቆጠራሉ። ከዚህ እስከ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ያለው መንገድ አጭር ነው። «አሜሪካንስ ቢሆን አውሮፓውያን ባይደርሱባት ኖሮ ዛሬም ጫካ አልነበረችም ወይ?» ይባላል። ሁለቱም አባባሎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ግን ሞኞች አይደሉም፤ ክርክራቸውም ሳይሸራረፍ መቅረብ ይገባዋል። የሚሉት ይህ ነው። የኡጋንዳ ባቡር የተባለው ሐዲድ በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ናይሮቢ ያለችበት ሥፍራ ሲደርስ ከተማ አላገኘም፤ ያገኘው ረግረግና የሣር ሜዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከሞምባሳ ወደዚያ ተዛወረ። በ1950 ናይሮቢ የከተማነት ቻርተር ተቀበለች። ሐዲዱ የመሃሉን አገር ከባሕር አገናኘ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ተከተለ፤ ቋንቋው የዓለምን በር ከፈተ። የኬንያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ዛሬ ነፃነቷን ጠብቃ ከኖረችው ኢትዮጵያ ይበልጣል። በደል አልነበረም አይሉም፤ በደሉ አልፏል፣ ሐዲዱና ሕጉ ግን ቀርተዋል ነው የሚሉት። አሜሪካንም በተመለከተ ሒሳቡ ያው ነው፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ በምትኩ ግን አዲስ ዓለም ተሠራ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው ነገር በየራሱ እውነት ነው። ውሸቱ ያለው ዝርዝሩ በዘለለው ነገር ላይ ነው።

ከ«ባዶ መሬት» ይጀመር። የባቡሩ ካምፕ ያረፈበት ቁራሽ መሬት በእርግጥ ረግረግ ነበር። ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበትና የሚያሰማሩበት መሬትም ነበር። ቤት ያልተሠራበት መሬት ባለቤት የለውም ከተባለ የቦረናና የአፋር ግጦሽም ባለቤት የለውም ማለት ነው። ከረግረጉ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ሲባል ደግሞ የኪኩዩ እርሻ ይጀምራል። ሐዲዱ ከመድረሱ 9 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1890፣ የእንግሊዝ ኩባንያ ሰው የነበረው ካፒቴን ሉጋርድ ዳጎሬቲ ላይ ምሽግ የሠራው ለምን ነበር? ወደ ኡጋንዳ የሚያልፉት ቅፍለቶች ስንቃቸውን ከዚያ ስለሚሸምቱ ነው። ባዶ አገር ስንቅ ይሸጣል እንዴ? ሻጮቹ ማሳቸውን የሚያውቁ፣ ድንበራቸውን የለዩ፣ መሬትን በዘር ሐረግ የሚወራረሱ ገበሬዎች ነበሩ። ሉጋርድ ከአካባቢው ሹም ከዋይያኪ ዋ ሂንጋ ጋር በደም ተማምሎ ወዳጅነት ገባ። በ1892 የኩባንያው ሰዎች ያንኑ ዋይያኪን አስረው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወስዱት መንገድ ላይ ኪብዌዚ ከተባለ ቦታ ሞተ። ከመሃል ናይሮቢ ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እርግጥ ነው፣ በ1899 የመጣ እንግዳ በየቦታው ባድማ አይቶ ይሆናል። ባድማው ግን ከየት መጣ? መልሱን ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ሊያውቁት ይገባ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች ወደ ምፅዋ ባስገቧቸው ከብቶች የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ኢትዮጵያን ክፉ ቀን ውስጥ ከተተ። በሽታው እዚያ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን መንጋ ፈጀ። ከብቱ ሲያልቅ ሰው ተራበ፤ ፈንጣጣ ተከተለ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድርቅና ረሃብ በኪኩዩም ላይ ወረደ፤ በተለይ ለናይሮቢ ቅርብ የሆነው የኪያምቡ ሕዝብ ብዙው ሞተ፣ የተረፈውም ወደ ዘመዶቹ አገር ተሰደደ። ሰፋሪዎች የመጡት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ሕዝቡ ጥሎት የሄደውን እርሻ «የማንም አይደለም» ብለው ተከፋፈሉት። ክፉው ቀን አልፎ ባለርስቱ ሲመለስ የአባቱ መሬት የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀው። በወሎ ወይም በበጌምድር በክፉ ቀን ቀዬውን ጥሎ የተሰደደ ገበሬ ሲመለስ «መሬቱ ባዶ ስለነበር ተወስዷል» ቢባል ማን ፍርድ ይለው ነበር?

የአሜሪካው «ባዶ መሬት» ከዚህ በምንም አይለይም፤ መጠኑ ብቻ የባሰ ነው። በ1620 ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ዳርቻ ሲወርዱ የተመነጠረ ማሳ አገኙ፤ ሰው ግን አልነበረበትም። ፈጣሪ ያዘጋጀላቸው ሥፍራ ነው አሉ። ሥፍራው ፓቱክሴት የተባለ መንደር ነበር። ከአውሮፓ መርከቦች የተዛመተ ወረርሽኝ ከ1616 እስከ 1619 ባሉት ዓመታት ነዋሪውን ጨርሶታል። ቲስኳንተም የተባለው የዚያው መንደር ልጅ በ1614 በእንግሊዛዊ መርከበኛ ተጠልፎ ወደ ስፔን ተወስዶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ከወገኖቹ አንድም አላገኘም። ሰፋሪዎቹ በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ የተማሩት ከእሱ ነው። በአህጉሩ በጠቅላላ በአንድ መቶ ዓመት ተኩል ውስጥ ከነባሩ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው እንዳለቀ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። ያለቀበትን አገር ሰው ያልነበረበት አገር ማለት ሁለተኛ ግድያ ነው።

ነገሩ በስህተት የተፈጸመ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ያርመው ነበር። ሕጉ ግን የተሠራው ለዚሁ ነው። በ1823 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆንሰን እና ማኪንቶሽ በተከራከሩበት መዝገብ የመሬቱ ባለቤትነት «ላገኘው» የአውሮፓ መንግሥትና ለወራሹ እንደሆነ፣ ነባሩ ሕዝብ ያለው የመቀመጥ መብት ብቻ እንደሆነ ፈረደ። ኬንያ ውስጥ ይኸው ፍልስፍና በሌላ ልብስ መጣ። በ1904 እንግሊዞች ከማሳዮች ጋር ውል ተፈራርመው ከስምጥ ሸለቆው ግጦሽ አስነሷቸው። በውሉ መሠረት የተሰጣቸው የላይኪፒያ መሬት የማሳይ ሕዝብ በምድር ላይ እስካለ ድረስ የእሱ ነበር። 7 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1911፣ በሌላ ውል ከዚያም ተነሡ። ማሳዮች ጦር አላነሡም፤ ጠበቃ ቀጥረው ከሰሱ። በ1913 የተሰጣቸው መልስ የሚገርም ነው። ማሳዮች ሉዓላዊ ሕዝብ ስለሆኑ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ነው፤ ስለዚህ የቅኝ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ተባሉ። በ1921 ደግሞ የዚያው አገር ፍርድ ቤት በኪኩዩዎች ክርክር ላይ አፍሪካውያኑ በተቀመጡበት መሬት ላይ በዘውዱ ፈቃድ የሚኖሩ ጭሰኞች ናቸው ብሎ በየነ። ውል ሲያፈርሱበት ሉዓላዊ፣ መሬት ሲወስዱበት ጭሰኛ! ጭሰኝነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሕግ የሥልጣኔ ስጦታ ብሎ እንዴት ይቀበለዋል?

ቀጥሎ ሐዲዱ ይመጣል፤ የቁጭተኞቹ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነውና። የኡጋንዳ ባቡር ሥራ በ1896 ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። የሠሩት ከሕንድ የመጡ ከ30 ሺህ በላይ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነሱ ወደ 2,500 የሚሆኑት በሥራው ላይ አልቀዋል። ዓላማው ናይሮቢን ማሠልጠን አልነበረም፤ የናይልን ምንጭና ኡጋንዳን ከጀርመን ቀድሞ መያዝ ነበር። የወጣው ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ መመለስ ስላለበት ኮሚሽነር ቻርልስ ኤልየት ነጭ ሰፋሪዎችን ጠራ፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ለም ደጋም ለእነሱ ተከለለ። ክልሉ ኋላ ከ7 ሚሊዮን ኤከር አልፏል። ሎርድ ደላሜር የተባለው ሰፋሪ ብቻውን በ1903 ንጆሮ ላይ 100 ሺህ ኤከር ወሰደ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ጆሴፍ ቼምበርሌን ከዚያው ደጋ ከፍሎ ለአይሁድ ሰፈራ እንዲውል ለጽዮናውያን ሐሳብ አቀረበ። የናንዲና የማሳይ ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሐዲዱ በሚያልፍበት አገር ናንዲዎች ለ10 ዓመት ያህል ተዋጉ። በጥቅምት 1905 መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ ለእርቅ ንግግር ተብሎ ተጠርቶ ሲመጣ ካፒቴን ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን ገደለው። ከዚያ በፊት 373 ዓመት፣ በኅዳር 1532፣ ፒዛሮ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ካጃማርካ ላይ ለንግግር ጠርቶ ማርኮታል። ቤት ሙሉ ወርቅ ከተቀበለ በኋላም ገድሎታል። በእርቅ ስም ጠርቶ መግደል በፔሩም በኬንያም ሠርቷል።

ባቡር እንዲገባ ቅኝ መገዛት ግድ ነው ወይ? የዚህ መልስ ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። አፄ ምኒልክ ለጅቡቲው ሐዲድ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ የኡጋንዳ ባቡር ከመጀመሩ 2 ዓመት አስቀድሞ። ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው በኩል እጁን ሊያስገባ ሲል ምኒልክ አሻፈረኝ አሉ፤ በዚህ የተነሣ ሥራው ለዓመታት ተጓትቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የውጭ ገንዘብ ነበረበት፣ የውጭ መሐንዲስ ነበረበት፣ ጭቅጭቅም ነበረበት። አንድም ነገር ግን አልነበረበትም፤ ከሞጆ እስከ ድሬዳዋ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር ለፈረንሳይ ሰፋሪ አልተከለለም። ሁለት ሐዲዶች በአንድ ዘመን ተሠሩ። በአንደኛው ባለአገሩ ተነቀለ፣ በሌላው አልተነቀለም። ቅኝ ግዛት የጨመረው ነገር ባቡሩን ሳይሆን መነቀሉን ነው።

ከተማዋስ ለማን ተሠራች? የቅኝ ግዛት ናይሮቢ በዘር የተከፋፈለች ነበረች፤ ከፍታውና ጥላው ለአውሮፓውያን፣ ንግዱ ሠፈር ለሕንዶች፣ ዝቅተኛውና ጨፍጋጋው ምሥራቅ ለአፍሪካውያን። አፍሪካዊ በከተማዋ የሚኖረው ተቀጥሮ እስካለ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የተባለ መታወቂያ እንዲይዝ ተገደደ። የጣት አሻራው፣ የቀጣሪው ስም፣ የደመወዙ ልክ፣ ሥራ የጀመረበትና የለቀቀበት ቀን በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ቀጣሪው ካልፈረመለት ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሳይዝ ከተገኘ ይታሰራል። በኬንያታ ጎዳና ላይ ዛሬም የቆመው፣ ማማ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ኪፓንዴ ሐውስ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት በሩ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ነው። ይህን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ በመጋቢት 1922 ሲታሰር ሕዝቡ ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ሲያመነቱ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለች ሴት ፊት ወጥታ አደፋፈረቻቸው። ጥይት ተርከፈከፈ፤ እሷም ወደቀች። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 21 ነው። ለሎርድ ደላሜር ግን ሐውልት ቆሞለት ነበር።

ትምህርት ቤቱም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። ኪኩዩዎች ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በራሳቸው መዋጮ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፤ በ1939 ጊቱንጉሪ ላይ የመምህራን ኮሌጅ አቋቋሙ። በ1952 ማው ማው በተባለው ፀረ ቅኝ ግዛት አመፅ የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋቸው፤ ኮሌጁም የመስቀያ ቦታ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ናይሮቢ ገና ከፍተኛ ትምህርት አልነበራትም፤ ሮያል ቴክኒካል ኮሌጅ ተማሪ የተቀበለው በ1956 ነው። ቡናም ሌላ ምስክር ነው። ቡና አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ኬንያ የደረሰው በ1893 በሚሲዮናውያን እጅ ነው። የከፋና የሲዳማ ገበሬ በጓሮው ቡና ሲለቅም የኪኩዩ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ ቡና እንዳይተክል ተከልክሎ ነበር። ክልከላው በሰፊው የላላው በ1950ዎቹ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የራሱ ቡና ያለው ሰው ለሰፋሪ አይቀጠርም።

«ከመምጣታቸው በፊት ምንም አልነበረም» የሚለው ብዙ መድከም አይፈልግም። ስፔኖች በ1519 የገቡባት የአዝቴኮች ከተማ ቴኖችቲትላን በዘመኑ ከነበረ ከማንኛውም የስፔን ከተማ ትበልጥ ነበር፤ ከ2 ዓመት በኋላ ራሳቸው አፈራረሷት። በ1542 በአማዞን ወንዝ የወረዱት ሰዎች በዳር በዳሩ የተያያዙ መንደሮች አየን ሲሉ ለብዙ ዘመን ውሸታም ተባሉ። በቅርብ ዓመታት በቦሊቪያና በኢኳዶር ደን ሥር የተገኙት ጥንታውያን ከተሞች የአማዞን ደን ከጥንት ጀምሮ ሰው አልባ ነበር የሚለውን አፍርሰዋል። ከዚህም የሚቀርብ ማስረጃ አለ። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም የአሜሪካ ነባር ገበሬዎች ከዱር አውጥተው ያላመዷቸው ናቸው። ኬንያዊው በየቀኑ የሚበላው ኡጋሊ ከእነሱ በቆሎ ይገነፋል፤ የኢትዮጵያ ወጥ የሚቀላው በእነሱ በርበሬ ነው። ምንም አልነበራቸውም የሚል ሰው ከእነሱ እጅ በልቶ ነው የሚናገረው።

«በዘመኑ ትክክል ነበር፣ በዛሬ ሚዛን አይመዘንም» የሚለውም አያዋጣም። ስፔናዊው ቄስ ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ በዚያው በ1500ዎቹ ጮኸ፤ ከ1550 እስከ 1551 ቫላዶሊድ ላይ በንጉሡ ትእዛዝ ክርክር ተደረገ። በኬንያም ሐኪሙ ኖርማን ሌይስና የሕዝብ ሥራ ኃላፊ የነበረው መግሬጎር ሮስ በ1920ዎቹ የሰፋሪዎቹን ግፍ በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሚዛኑ በዘመኑም ነበረ፤ የጠፋው ሰሚ ነው።

የቀረው የገቢው ጉዳይ ነው። ኬንያ ከኢትዮጵያ የተሻለ የነፍስ ወከፍ ገቢ አላት፤ አይካድም። ግን ይህን ከቅኝ ግዛት ጋር ማያያዝ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቅኝ መገዛት የሚያበለጽግ ቢሆን ረዥም ዘመን የተገዛ ሁሉ ሀብታም በሆነ ነበር። ሞዛምቢክ ፖርቱጋሎችን ከ400 ዓመት በላይ አስተናገደች፤ ከዓለም ድሆች አንዷ ናት። ሃይቲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ከቅኝ ግዛቶች ሁሉ የበለጠ ሀብት ታስገባ ነበር። ነፃ ከወጣች በኋላ በ1825 ፈረንሳይ 150 ሚሊዮን ፍራንክ የነፃነት ካሳ ጫነችባት፤ ዕዳው ከነወለዱ እስከ 1947 ተከፈለ። የቦሊቪያው ፖቶሲ ተራራ ከ1545 ጀምሮ የስፔንን ግምጃ ቤት በብር ሞላ፤ ቦሊቪያ ግን ዛሬ በደቡብ አሜሪካ ካሉት ድሃ አገሮች መካከል ናት። ደቡብ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ኮንጎስ ቅኝ አልተገዙም? ኬንያን ብቻ መርጦ መጥራት ማስረጃ ሳይሆን ምርጫ ነው። የኢትዮጵያ ድህነት ምክንያቱ በኢትዮጵያ ውስጥ መፈለግ አለበት፤ በመሬት ሥሪቱ፣ በጦርነቱ፣ በአገዛዙ። «ቅኝ ብንገዛ ኖሮ» የሚለው ቁጭት ዋናው ጉዳቱ ይህን ፍለጋ ማስቀረቱ ነው።

ደግሞስ ተጓዡ አንጋጦ የሚያያቸው ፎቆች መቼ ተሠሩ? የናይሮቢ ምልክት የሆነው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል የተመረቀው በ1973 ነው፤ ንድፉን ያወጡት ኖርዌያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክና ኬንያዊው ዴቪድ ሙቲሶ ናቸው። ከእንግሊዞች የቀሩት በአመዛኙ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ሕንፃዎች ናቸው፤ መሃል ከተማውን ወደ ሰማይ የሰደደው ከ1963 በኋላ ያለው ትውልድ ነው። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳም በ2007 የመጣ ነው። የኬንያውያንን ላብ ለእንግሊዝ መስጠት ኪፓንዴውን መልሶ አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ የጣሊያንን አገዛዝ 5 ዓመት ቀምሳዋለች። የጣሊያን መንገድ የሚወደስበት አፍ መንገዱ ጦር ለማመላለስና ሰፋሪ ለማስገባት እንደተቀየሰ አይናገርም። አዲስ አበባም ልክ እንደ ናይሮቢ በዘር ልትከፈል ተወስኖ ነበር፤ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ የተገፋው ኢትዮጵያዊውን ከነጩ ለመለየት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (ይህ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተፈጸመው ጭፍጨፋ የዚሁ አገዛዝ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ምስክር ግን ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በሚያዝያ 1954 ወታደሮች ናይሮቢን ከብበው ቤት ለቤት ፈትሸው ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ላኩ። በዚያ የማው ማው ዘመን ከ1 ሺህ በላይ ሰው በስቅላት ተቀጣ። በሰኔ 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ለፓርላማው ኬንያውያን በቅኝ ገዢው አስተዳደር እጅ እንደተሠቃዩ አምኖ የመንግሥቱን ጸጸት ገለጸ፤ ለ5,228 አዛውንት 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈል ተስማማ። ለእነሱ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልትም በ2015 ከመሃል ከተማው አጠገብ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ቆሟል። ናይሮቢ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ፎቆቹን ካየ በኋላ እዚያም ይድረስ። የሠራው መንግሥት ራሱ ያመነውን ግፍ፣ ዓድዋ ላይ የዳነ ሕዝብ እንዳመለጠ ዕድል ሊቆጭበት አይገባም።